የጣሰው ፔጆና የተነከሰው ሽቦ

ነይ ወዲህ ቀረብ በይ ፍሬሰላም። ቴፑን ከጭንሽ አውርጂና እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ። ግንቦት ነው። ድሬዳዋ በግንቦት ከቀትር በኋላ ሰው ሥራ የሚሠራባት ከተማ አይደለችም፤ ቆርቆሮው ራሱ ሲንጣጣ አትሰሚም? ፀሐይዋ እስክትበርድ ካቻቢቴሽም ይረፍ፣ አንቺም እረፊ። ፔጆው የትም አይሄድም። ጎማ የለው፣ ባትሪ የለው፣ ወዴት ይሄዳል?

አሮጌውን ቴፕ ነቅለሽ አዲሱን ልታስገቢ እንደመጣሽ ገብቶኛል። መኪናው የአያትሽ ነበር፣ አሁን ያንቺ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን ከመንቀልሽ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። አያትሽ ጣሰው በዚህ ቴፕ ምክንያት ድምፁን አጣ። በሽታ አልያዘውም፣ ጉሮሮውም አልቆሰለም። ድምፁ በሽቦ ገብቶ መኪናው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አፉ እዚህ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ እዚያ ይወጣል።

ጣሰው የታክሲ ሰው ነበር። ይቺን ፔጆ ከለገሃር ሳቢያን፣ ከሳቢያን ለገሃር ሲያመላልስ ነው ያረጀው። አንድ ላይ ነው ያረጁት፤ የሷ በር አልዘጋ ሲል የሱም ጉልበት አልታጠፍ ይላል። ወሬኛ ነበር ደግሞ። የተሳፈረውን ሁሉ ሳያጫውት አያወርድም። በፊት ሰዉ ይወድለት ነበር፤ «በጣሰው መኪና መንገዱ አይታወቀኝም» ይሉ ነበር።

በኋላ ወጣቶቹ ሾፌሮች መጡ። የነሱ መኪና ሁሉ ቴፕ አለው፣ ገና ከድልድዩ ማዶ ሳሉ ዘፈኑ ይደርሳል። ተሳፋሪው የጣሰውን በር ከፍቶ አንገቱን ያስገባና «ቴፕ የለህም እንዴ ጋሼ?» ብሎ መልሶ ይዘጋዋል። እንዲያውም አንዷ ሴትዮ ከተቀመጠች በኋላ «እዚህ ወሬ ብቻ ነው ያለው» ብላ ወርዳለች። እሱ ሲመሽ ይመጣና ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ቁጭ ይላል።

«ደከመኝ ዘነቡ» ይለኛል።

«ምን ሠርተህ?»

«ምንም ሳልሠራ። ባዶ መኪና መንዳት ከሙሉው ይከብዳል።»

አንድ ቀን ከታይዋን ገበያ ያገለገለ ቴፕ በሸሚዝ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ይሄው አሁን ልትነቅዪው የመጣሽው ነው። በማግሥቱ አብዶሽ ዘንድ ወሰደው። አብዶሽ የመጋላ ልጅ ነው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ቦታው ኒም ዛፍ ሥር ነበር። እኔም ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለትርንጎ፣ ለእናትሽ ማለቴ ነው፣ ሽማግሌ ይመጣ ነበርና ጣሰው ቶሎ ጨርሶ ቤት መግባት ነበረበት።

አብዶሽ ዳሽቦርዱን ከፍቶ ሽቦዎቹን ዳበሳቸው።

«ጋሽ ጣሰው፣ ይቺ አሮጊት ናት። ሽቦዋ ደርቋል፣ ልባሱ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ስለዚህ የሷን አንነካም። አዲስ ሽቦ ከባትሪው እንስባለን፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ ፊውዝ እንሰካለታለን። ብረት ሰንጥቆ የሚያልፍበት ላይ ጎማ እናለብሰዋለን፣ እንዳይላጥ። ማሳውን ደግሞ ቀለሙን ፍቀን ባዶ ብረት ላይ እናስረዋለን።»

ማሳ ሲሉ የእርሻውን እንዳይመስልሽ። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ነው የሚሉት። አብዶሽ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ «ሁሉም ነገር መመለሻ ይፈልጋል፣ መመለሻ ካጣ ያገኘውን ይይዛል» አለ።

«ከሁሉ በፊት ግን የባትሪውን ካቦ ልፍታ» አለ።

«አትፍታ» አለ ጣሰው።

«ለምን?»

«ከፈታህባት ታኮርፋለች። እስከ ነገ አትነሳም። ሽማግሌ አለብኝ።»

እውነቱን ነው፣ አመል ነበራት። ባትሪዋ አንዴ ከተፈታ ቀኑን ሙሉ ብትገፊያት አትነሳም። አብዶሽ ራሱን አከከ። ካቦው ሳይፈታ ስፒከሮቹን አሰረ፣ ማሳውን አሰረ፣ በቁልፉ በኩል የሚመጣውን ሽቦ አሰረ። ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ብቻ ቀረ። እሱ ቁልፉ ቢጠፋም የማይተኛው ሽቦ ነው። ያን ጊዜ የሶላት ሰዓት ደረሰ።

«ሰግጄ እስክመጣ ምንም እንዳትነካ» አለ አብዶሽ።

«ምን እነካለሁ፣ አቦ!»

አብዶሽ ሄደ። ጣሰው ቆመ። ተቀመጠ። ፀሐይዋን አየ። ሽቦው ባንድ ጫፉ ባትሪው ላይ ነው፣ በሌላው ጫፉ ልባሱ ሳይላጥ ተንጠልጥሏል። ፊውዙ ገና አግዳሚው ላይ ነው። ሽቦ በጥርሱ የማይልጥ የድሬ ወንድ እኔ አላየሁም፤ ፒንሳው እጁ ውስጥ እያለ እንኳ በጥርሱ ነው። ጣሰውም ነከሰና ሳበ።

ብልጭታ የለም። ጭስ የለም። ልባሱን እንትፍ አለና ሽቦውን ከቴፑ ጋር ጠመዘዘው፣ ናስትሮ ጠቀለለበት፣ ገብቶ ቁልፉን ከፈተ። እኔ ምሳውን እየፈታሁ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ከኋላ ወንበር በላይ ካለው ስፒከር መጣ።

«ዘነቡ፣ ውሃ አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። ምን ላድርግ? ውሃ ነው የጠየቀኝ።

አብዶሽ ሲመለስ እጁ ገና እርጥብ ነበር። ሽቦውን አየ፣ ጣሰውን አየ።

«በጥርስህ ነው?»

«በጥርሴ ነው» አለ ስፒከሩ።

«ምንም እንዳትነካ አላልኩህም?»

«በእጄ አልነካሁም።»

አብዶሽ ናስትሮውን ፈቶ የሽቦውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞረው። የጣሰው ጥርሶች ተራቸውን ጠብቀው ታትመውበታል፤ ከፊት የጎደለችው ቦታዋ ሳይቀር። ምራቁም አለ። በጨርቅ ጠረገው። እንደገና ረጠበ። እንደገና ጠረገው።

«ይሄ አይደርቅም» አለ።

«እንግዲያው ካቦውን ፍታና መልስለት» አልኩት።

«አሁን ብፈታው እትዬ ዘነቡ፣ ድምፁ ወደ ማሳው ይሄዳል። ማሳው የመኪናዋ ብረት ነው። ብረት ውስጥ ከገባ ማን ያወጣዋል?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ጋሽ ጣሰው ራሱ ማሳ ይሁን። በባዶ እጁ ባዶ ብረት ይያዝ፣ ከሱ በቀር ማንም ሰው መኪናዋን አይንካ፣ ያን ጊዜ እፈታለሁ። ወይ ይመለስለታል፣ ወይ ይጠፋል። ከዚህ ሌላ አላውቅም።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው» አለ ስፒከሩ። «እንሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ታላቅየው አቶ ወልደሰንበት ናቸው፣ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ መዶሻ ሲሰሙ ኖረው ጆሯቸው የሄደ። ሽማግሌ መቼም ሳይፈቀድለት አይቀመጥም፤ ደጅ ቆሙ። ጣሰው ወጣና እጅ ነሳ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ወልደሰንበት። «ልጅዎን ትርንጎን ለልጃችን ለአስናቀ ብለን ቆመናል።»

የጣሰው አፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ድምፅ የለም። ቁልፉን አጥፍቶት ነበር የገባው። ወልደሰንበት እንደሁሌው ምንም ስላልሰሙ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ግን ምንም እንዳልሰሙ ሰሙ።

«ዝም አሉን እኮ» አለ አንደኛው። «ይሄ እምቢታ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ዞሩ። ትርንጎ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስትተነፍስ እሰማት ነበር። ሮጬ ወጣሁ።

«ቆዩ አባቶቼ፣ መልሱ መኪናው ውስጥ ነው» አልኳቸው።

ቁልፉን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ወደ ፔጆው መጡ፤ ግን ቆሞ የሚጠይቅ ሽማግሌ መኪና ውስጥ ገብቶ ሊቀመጥ ነው? አይሆንም። ስለዚህ ውጭ እንደቆሙ አንገታቸውን በየመስኮቱ አስገቡ፣ አንዱ በዚህ፣ ሁለቱ በዚያ። ጣሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይናገራል፣ እነሱ ወንበሩን ያዳምጣሉ።

«አክብራችሁ መጥታችኋል» አለ ስፒከሩ። «ከዘመድ ልማከርና ተመለሱ።»

«ምን አለ?» አሉ ወልደሰንበት።

«ተመለሱ አለ።»

«ጎላ አድርጉታ!»

ማዞሪያውን ጎላ አደረግኩት። «ተመለሱ!» ሲል መንደሩ ሁሉ ሰማ። በመንገድ አህያ ጭኖ የሚያልፍ ሰውዬም አህያውን አዙሮ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላማ የጣሰው ታክሲ ባዶ ሄዶ አያውቅም። ወሬው ያው ወሬ ነው፤ በአፉ ሲያወራቸው የወረዱት፣ በስፒከር ሲያወራቸው ሰልፍ ያዙ። አንዳንዱ ካሴት አምጥቶ ይከትበታል። «አውጡልኝ፣ ያንቀኛል» ይላል ስፒከሩ፤ ያወጣሉ።

እኔና እሱ ትዳራችን ወደ ፊት ወንበር ተዛወረ። የቤት ነገር ሲኖረኝ ሻሼን አስሬ ወጥቼ መኪና ውስጥ እገባለሁ። ስንጣላም እዚያው ነው። ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ትንፋሹ አይሰማም፤ ማንኮራፋቱ ከግቢ ነው የሚመጣው። ጎረቤታችን ሶፊያ በአጥሩ በኩል ትጣራለች።

«እትዬ ዘነቡ! መኪናሽ እያንኮራፋ ነው፣ ልጄ አልተኛ አለ!»

ወጥቼ ቁልፉን አጠፋለሁ። ሶፊያ ደህና ሰው ናት፣ ሌላ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ያ የተነከሰው ሽቦ ቁልፉ ቢጠፋም አይተኛም ብዬሻለሁ። ሌሊቱን ሲጠጣ ያድራል። ጠዋት ፔጆዋ አትነሳም፣ ጣሰውም አይነሳም። ጎረቤት ተሰብስቦ እሷን ቁልቁለቱ ላይ ይገፋል፣ እኔ እሱን ከአልጋው እገፋለሁ። ሞተሯ ሲነሳ እሱም ቀስ ብሎ ደም ይመለስበታል። ቀኑን ሲነዳ ይሞላል፣ ሲያድር ይጎድላል። ግን የሚሞላው ከሚጎድለው አነሰ። ሱሪው ከወገቡ ላይ ይወርድ ጀመር። ጉንጩ ገባ። ድምፁም ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ወንዝ ውስጥ ሆኖ የሚናገር መሰለ። ካቦው ሳይፈታ ባትሪውን ብናስሞላው አንድ ሰሞን ይበረታል፣ ከዚያ ያው ነው።

አብዶሽ አንድ ቀን ቤት መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ጣሰውንም ዓይኑን ገልጦ አየ።

«ካቦው መፈታት አለበት» አለኝ። «በዚህ ዓይነት ከጥር አያልፍም።»

«ባትሪው?»

«ሁለቱም።»

ፊት ወንበር ገባሁ። ጣሰው መሪው ላይ ተደግፎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው እሺታውን ካገኙ ቆይተዋል፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

«አስፈታው» አልኩት።

«ትርንጎ ትመረቅ።»

«እኔ እመርቃታለሁ። የእናት ምርቃት አይበቃም?»

«ይበቃል። አባቷ ሳይመርቃት ወጣች እንዳይባል ነው።»

«በጥር ሲፈታ ይመለሳል ያለህ ማነው?»

«ማንም። በጥርም ላይመለስ ይችላል» አለ ስፒከሩ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃል ከቃል እየራቀበት። «ያን ጊዜ ግን መርቄያት ነው የሚጠፋው።»

ሌላ የምለው ነበረኝ። እሱም ነበረው፣ ከንፈሩ አላቆመም። የቴፑ መብራት ደብዘዝ ሲል ግን ቁልፉን አጠፋሁት። መኪናዋ ያላትን እንዳትጨርስ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለምርቃቱ እየቆጠበ ነው የኖረው። ተሳፋሪ መጫን አቆመ። ጨው ሲያንሰው እንኳ በጣቱ ነው የሚያሳየኝ።

ጥር ገባ። እዚሁ ግቢ ድንኳን ተተከለ። የድንኳኑን ጎን ገልጠን ፔጆውን በሰው አስገፍተን አስገባነው፣ ከሙሽሮቹ ወንበር ፊት ለፊት። የሩቅ ዘመድ የሙሽራ መኪና መስሎት ሪባን አሰረበት፤ አንዷ ደግሞ ኮፈኑ ላይ የወጥ ሳህን አስቀመጠች። አብዶሽ ሁሉንም አነሳ። የክት ልብሱን ለብሶ ነበር የመጣው፣ መፍቻውን በኪሱ ይዞ።

«ማንም እንዳይነካት» አለ ለሰዉ። «ሙሽራ ትምሰላችሁ፣ በዓይን ብቻ።»

ከመሪው ጎን ያለውን በር ከፈተና፣ የበሩ መቃን ላይ ቀለሙን በምላጭ ፋቀ። እጅ የሚያርፍበት ያህል ብረቱ ነጣ። ጣሰውን ደግፈን አስቀመጥነው። ግራ እጁን እዚያ ላይ አደረገ።

«ሲጨርስ እናንተ አሜን ትላላችሁ፣ እኔ እፈታለሁ» አለ አብዶሽ።

ሞተሯን አስነሱ፣ ባትሪው እንዲያግዝ። ጢሱ ድንኳኑን ሞላው፣ አክስቶችን ሳል ያዛቸው፣ ሞተሩ ከሚጮኸው ሌላ የሚሰማ ጠፋ። ጣሰው ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ለቴፑ ብቻ መልሶ ከፈተ። የቴፑ መብራት እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ብሎ ቀረ።

«ያለው ይበቃል» አለ ስፒከሩ።

ሰዉ ሁሉ ተነሳ። ትርንጎና አስናቀ ፊቱ ቆሙ። ጣሰው አፉን ከፈተ።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አለ ስፒከሩ።

«አሜን!»

«እጃችሁ ከመስጠት አይጠር።»

«አሜን!»

«ትርንጎዬ» አለ፤ ድምፁ እየቀጠነ ነበር። «ቤትሽ ደክሞት የሚገባ ሰው ቢኖር፣ የት ዋልክ አትበዪው። ውሃ ስጪውና ይቀመጥ። ሲያርፍ ራሱ ይነግርሻል።»

ሰዉ አሜን ሊል አፉን ከፈተ። አብዶሽ መፍቻውን አዞረ።

የቀረውን ማንም አላሰበውም። የተመረቀ ልጅ ምን ያደርጋል? የአባቱን ጉልበት ይስማል። ትርንጎ በርከክ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ቀሚሷ ረጅም ነበር፤ ስትነሳ ተረከዟ ያዘባትና እንዳትወድቅ አንድ ነገር ጨበጠች። የጨበጠችው የበሩን መቃን ነው፣ የተፋቀውን፣ የጣሰው እጅ ሥር ያለውን። «አሜን» ልትል አፏን ከፈተች። «አሜን» የሚለው፣ በራሷ ድምፅ፣ ከስፒከሩ ወጣ። ካቦው ከባትሪው ላይ ተነሳ። የቴፑ መብራት ጠፋ።

«አባዬ?» አለች ትርንጎ።

የጣሰው ድምፅ ነበር። የወፈረው አይደለም፣ የተጎተተውም አይደለም፤ ወጣት ሳለ ለገሃር ላይ «ሳቢያን! ሳቢያን!» የሚልበት ድምፅ።

«ተመስገን!» አሉ ወልደሰንበት ከኋላ፣ ይቺን እንኳ ሰምተው። «ተመለሰለት!»

እልልታው ቀለጠ። ያየነው አራት ነን፣ እኔና አስናቀ፣ አብዶሽና ጣሰው። አብዶሽ መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

«ማሳ አገኘ» አለ።

ጣሰው አፉን ከፈተ፣ ምንም የለም። ስፒከሩን አየ፣ ምንም የለም። ከዚያ ትርንጎን ራሷ ላይ ዳበሳትና፣ ማንም ሳይደግፈው ከመኪናው ወረደ። ጉልበቱ ታጠፈለት። ሄዶ ምግብ አነሳ፣ ሁለት ጊዜ።

በማግሥቱ አብዶሽ መጥቶ ካቦውን መልሶ አሰረ፣ ትርንጎና ጣሰው ብረቱን ያዙ። ስፒከሩ «አሜን» አለ፣ በትርንጎ ድምፅ። ሌላ ምንም አላለም። ብንጠይቀው አሜን፣ ዝም ብንለው ዝም። እዚያ የቀረላት ያቺ አንድ ቃል ናት። ፈታው።

«ደግሜ ብሞክር ያለውም እንዳይጠፋ» አለ። ከዚያ ወዲህ አልነካንም።

እንግዲህ ሁሉም እንዲህ ሆነ። አያትሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፣ ወፍሮ፣ ሳይናገር። ደከመኝ ብሎ አያውቅም፤ የሚልበትም አልነበረውም፣ ግን ደፉ ላይ ተቀምጦም አላየሁት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ አልተነሳም። አብዶሽ ጅቡቲ ገባ፤ እዚያም የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል አሉ፣ ካቦ ሳይፈታ መኪና አይከፍትም፣ ደንበኛውንም አፍህን አሳየኝ ይላል አሉ። አቶ ወልደሰንበት ጣሰው ዳነ እንዳሉ አረፉ። ሶፊያ ይኸው አለች። አባትሽ አስናቀ መጀመሪያ ሰሞን አልጋው ጫፍ ላይ ነበር የሚተኛው። አሁን ለምዷል፤ ግን እናትሽ ስትጠራው እስከ ዛሬ «አቤት ጋሼ» ብሎ ብድግ ይላል፣ አይተሻል። አንቺንም ያባበለችሽ በዚያ ድምፅ ነው፤ በታክሲ ሹፌር ድምፅ እሹሩሩ ተብለሽ ነው ያደግሽው፣ ጥሩ ነው ያደግሽው። የራሷን ግን ሰምተሽው አታውቂም።

ባትሪውን ጣሰው ከሞተ በኋላ አውጥተን ሰጠነው። ጎማውም ሄደ። ዶሮ ታድርበታለች።

ይኸው ፀሐይዋም ዘንበል አለች። ካቻቢቴሽን አንሺ፣ አልያዝኩሽም። መጀመሪያ ግን ጎንበስ በይ፣ ልመርቅሽ። እንዲህ። እደጊልኝ። መንገድሽ ይቃና። የደከመሽ ቀን የሚያስቀምጥሽ ሰው አትጪ።

«አሜን።»

አንቺ አይደለሽም። አፍሽ ተዘግቷል፣ እያየሁሽ ነው። ሶፊያም አይደለችም። ዶሮዋ እንኳ ከወንበሩ ላይ አልተነሳችም፣ ለምዳዋለች። ሂጂ፣ ዳሽቦርዱ ክፍት ነው፣ እጅሽን አስገቢና ያን የተንጠለጠለውን ሽቦ ጫፉን ንኪው። በዚህ ግንቦት፣ በዚህ ሙቀት።

እርጥብ ነው አይደል?